ስለ ደብረ ታቦር የነገሥታት ግቢና ስለ ደብሮቿ ቅጥር

ደብረ ታቦር ስሟን የወሰደችው በገሊላ ካለው ተራራ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ መኖርን ወድዶ ሦስት ዳስ ለመሥራት እንደ ለመነ፥ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በዓሉን የሚያከብር ምእመን ሁሉ ያውቀዋል። ዳሶቹ ግን አልተሠሩም፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱም ከተራራው ወረዱ። በበጌምድር ባለችው ደብረ ታቦር ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚህች ተራራ ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ መሳፍንትና ነገሥታት እየተከታተሉ ድንኳናቸውን ተከሉ፥ አዳራሽ ሠሩ፥ አጥር አጠሩ፥ መድፍ አሠሩ። ከሠሩትም ሁሉ ዛሬ ቆሞ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የነገሥታቱን ግቢ አያለሁ ብሎ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ እንግዳ፥ እንደ ጎንደር ያለ የድንጋይ ግንብ አያገኝም። ታዲያ የሚያየው ምንድር ነው? የሚያሳየውስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ የከተማዪቱን ሹማምንት ብቻ ሳይሆን ካህናቱንና ሕዝቡንም የሚመለከት ነው። በዓሉን የሚያከብር ደብር ያለፈውን ዘመን ሲያስብ፥ የትኛው ሥራ እንደ ጠፋ፥ የትኛውም እንደ ጸና፥ የጸናውም በምን ምክንያት እንደ ጸና መመርመር ይገባዋል።

ስለ ከተማዪቱ መነሣት

ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ ወዲህ በጎንደር የነበረው ዙፋን እየደከመ ሄዶ ንጉሥነት ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ዘመኑም ዘመነ መሳፍንት ተባለ። በኋላ ሥልጣኑን በእንደራሴነት የያዙት የየጁ መሳፍንት ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ራስ ጉግሣ መርሶ ንጉሡን በጎንደር ትተው መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር አደረጉ። ቦታው ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ነው። በምዕራብ የፎገራ ሜዳና የጣና ባሕር፥ በምሥራቅ የጉና ተራራና የጋይንት አገር ይገኛሉ። ወደ ጎጃም፥ ወደ ላስታና ወደ የጁ የሚሄደው መንገድም ከዚያ ይለያያል። ስለዚህ ከዚያ የተቀመጠ ገዥ ጎንደርንም ጎጃምንም በቅርብ ይጠብቅ ነበር።

ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጆቻቸው በተራ ከገዙ በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊ አሉላ በ1823 ዓ.ም. ሥልጣኑን ያዙ። በእርሳቸውም ዘመን ደብረ ታቦር የአገሩ ሁሉ የሥልጣን ማዕከል ሆነች። በየካቲት 1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከሠራዊታቸው ጋር መጥተው በከተማዪቱ አጠገብ ከራስ ዐሊ ጋር ተዋጉ። ደጃዝማች ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ ዐሊም ሸሹ። ነገር ግን ባለ ድሉ በድንኳናቸው ግብር አግብተው ደስታ ሲያደርጉ፥ የራስ ዐሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ጧት ያሸነፈ ማታ ታሰረ፤ የተሸነፈውም ተመልሶ ገዛ። የሰው ድል እንዴት ያለ ፈራሽ ነገር እንደ ሆነ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአገሩ ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ከዚያ ሁሉ ሹመትና ግብር የቀረ ሕንፃ የሌለበት ምክንያት ግልጥ ነው። በዚያን ዘመን የመሳፍንት አዳራሽ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሣር የሚከደን ነበር። ጌታው ሲሻር ወይም ከተማው ሲቃጠል ቤቱ በአንድ ቀን አመድ ይሆናል። ከተማም ማለት ጌታው ባለበት የሚሰበሰብ፥ ጌታው ሲነሣ የሚበተን ሰፈር ነበር። ራስ ዐሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል በሆኑ ጊዜ የየጁ ዘመን አለቀ፤ አዳራሻቸውም ከዘመናቸው ጋር ሄደ።

ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል

ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ደብረ ታቦርንም ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት። በከተማዪቱ አጠገብ ጋፋት በተባለው ስፍራ የውጭ አገር የእጅ ሠራተኞችን አስቀመጡ። ከእነርሱ የሚበዙት በስዊስ አገር ቅድስት ክሪሾና በተባለው ቤት የተማሩ፥ ወንጌልን እያስተማሩ በእጃቸው ሥራ ለማደር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር ከእነርሱ የሚቈጠሩ ናቸው። ሞሪትስ ሃል የተባለው የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለው ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ከእነርሱ ጋር ሠርተዋል። በጋፋት የብረት ማቅለጫ ምድጃ ተሠራ፤ መንኰራኵርም በውኃ ኃይል ዞረ። የአገሩም ልጆች ከሠራተኞቹ ሥር ሆነው የእጅ ጥበብ ተማሩ።

ሚሲዮናውያኑ የመጡበት ሌላ፥ ንጉሡ የፈለጉት ሌላ ነበር። ንጉሡ አገራቸውን ከባዕድ ለመጠበቅ መድፍ ፈለጉ፤ ሠራተኞቹ ግን ከዚያ በፊት መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። መጀመሪያ የሞከሩት ሳይሳካ ቀርቶ፥ በብዙ ድካም እየተማሩ ትናንሾቹን መድፎች ሠሩ። በ1859 ዓ.ም. ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነውን ታላቁን መድፍ አወጡ፤ ንጉሡም በክራይሚያ ጦርነት ስሙ በገነነው ምሽግ ስም ሴባስቶፖል አሉት። ያልነበረን ጥበብ በገዛ አገር ለማቋቋም የተደረገ ይህ ድካም ለደብረ ታቦር ሰው የሚያኰራ ነው፤ ጋፋትም ከአገሩ ታሪካዊ ስፍራዎች መካከል ከፍ ያለ ቦታ ይገባታል።

ነገር ግን ታሪክ በሙሉ መነገር አለበት። በዚያው ዘመን ንጉሡ ከካህናት ጋር ተጣልተው ነበር። በ1852 ዓ.ም. ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ወሰዱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። የበጌምድር ገበሬም ከሠራዊቱ ብዛት የተነሣ እህሉና ከብቱ ተዘርፎ ተጐዳ፤ ብዙውም ሸፈተ። በመጨረሻ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጥለው፥ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ በጋይንትና በዋድላ አልፎ የጅጣንና የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆዎች የሚያቋርጥ ነበር። በብዙ መቶ የሚቈጠር ሰው መድፉን በጠፍር እየጐተተ፥ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየጠረጉ፥ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። በመጋቢት መቅደላ ደረሱ፤ በሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሠራዊታቸው ድል ሆነ፤ በሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ንጉሡ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ግን ሌላ ዕጣ ደረሰባቸው። እንግሊዞች ከአምባው የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው አወረዱ፤ በደላንታ ሜዳም ጨረታ ቆመ። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሎንዶን ተቀመጡ። እንግዲህ የጎንደር አድባራት ንዋየ ቅድሳት ሁለት ጊዜ ተወሰዱ፤ መጀመሪያ በገዛ ንጉሣቸው፥ ሁለተኛም በባዕድ። ለእንግዳ ስለ ጋፋት የሚተርክ ሰው ጥበቡንም ጕዳቱንም አንድ አድርጎ ሊነግረው ይገባል።

ስለ ሰመራና ስለ ኋለኛው ዘመን

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ነገሡ። እርሳቸውም ደብረ ታቦርን አልናቁም፤ በከተማዪቱ አጠገብ በሰመራ ግቢ ሠርተው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ የሆነው እንግሊዛዊው ጎርዶን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ወደ ንጉሡ የመጣው ወደ ደብረ ታቦር ነበር። በጦርነት የተጣሉት ሁለቱ መንግሥታት ነገራቸውን በዚያ ተነጋገሩ፤ ነገር ግን ሳይስማሙ ተለያዩ። ከዚህ በኋላ የንጉሡ ልብ ወደ መቀሌ አዘነበለ፤ በዚያም ያሠሩት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ጸንቶ ኖሮ በኋላ ዘመን ሙዚየም ሆነ። የሰመራው ግቢ ግን እንደ መቀሌው አልጸናም።

ከዚያም ወዲህ ደብረ ታቦር የበጌምድር ገዥዎች መቀመጫ ሆና ኖረች። የመጨረሻው ስመ ጥር ገዥ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። ባለቤታቸው ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት በሆኑ ጊዜ ራስ ጉግሣ ከእርሳቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ በኋላም በጌምድርን እየገዙ በደብረ ታቦር ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ መንግሥት ጋር ተጣልተው በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ በተደረገው ጦርነት ሞቱ። በዚያ ጦርነት በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን ተነሥቶ በሠራዊት ላይ ቦምብ ጣለ። ንግሥቲቱም ባለቤታቸው በሞቱ በሁለተኛው ቀን በመጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። የራስ ጉግሣ ወሌ ግቢ በከተማዪቱ ውስጥ ካሉት የቤተ መንግሥት መታሰቢያዎች አንዱ ነው፤ ታሪኩም ከሕንፃው ይልቅ የሚበልጥና የሚያሳዝን ነው።

ኢጣሊያ አገሩን በ1928 ዓ.ም. ሲይዝ ለአማራ ግዛት ዋና ከተማ ያደረገው ጎንደርን ነው። በደብረ ታቦር የጦር ሠራዊት አስቀምጦ ምሽግ ሠራ፤ ያም ሠራዊት በ1933 ዓ.ም. ክረምት እጁን ሰጠ። ነጻነት ከተመለሰም በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በጎንደር ጸና። ደብረ ታቦር ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ነገር ግን የነገሥታት መናገሻ የነበረችበት ዘመን በድንጋይ ሳይሆን በሰው ቃል ብቻ ቀርቷል።

ስለ ጉዛራና ስለ ጎንደር ግንቦች

የጸኑትን ግንቦች ለማየት ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርዶ፥ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። በእንፍራንዝ አጠገብ በኰረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ፥ ባለ ፎቅና በማዕዘኑ ክብ ግንብ ያለው ሕንፃ ነው፤ ከላዩ ሆኖ የሚመለከት ሰው የጣናን ባሕርና ሜዳውን ያያል። ከዚያ ቀጥሎ ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ፥ ዐፄ ፋሲል ደግሞ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቈረቈሯት በጎንደር ግንብ ሠሩ። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እነዚህ ግንቦች የጸኑት በድንጋይና በኖራ ስለ ተሠሩ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ድንጋይም ይፈርሳል፤ ጣራው የወደቀ ግንብ በጥቂት ክረምት ይሸረሸራል፥ ዛፍ በቅጥሩ ላይ ይበቅላል፥ ለቤት መሥሪያ የሚሻም ድንጋዩን ይወስዳል። የፋሲል ግቢ እስከ ዛሬ የሚታየው ጠባቂ ስለ ተሾመለት፥ የፈረሰው ስለ ተጠገነ፥ ሕዝቡም የእኔ ነው ስላለው ነው። የጎንደር አድባራት በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ባቃጠሏቸው ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የአገሩ ሰው ንብ መንጋ ሆኖ ጠላትን እንዳባረረ ይተርካል። ከዚያም ወዲህ ሥዕሉን ከዝናብና ከእሳት እየጠበቁ ለዛሬ ያደረሱት ካህናቱ ናቸው።

ስለ ተከለለው የዱር አራዊት ምድር

ጎብኚዎችን ወደ አገር የሚስብ ግንብና ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር የፈጠራቸው አራዊትና ተራሮችም ናቸው። ከጎንደር በስተ ሰሜን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዓለም ላይ ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያ በዚያ ይኖራል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም አሉ። ነገር ግን ሕዝቡ ለእርሻና ለግጦሽ ምድሩን ስለ ተሻማ፥ የዋልያም ቍጥር ስለ ተመናመነ፥ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም ሲባል ጊጭ የተባለው መንደር ሕዝብ ከአባቶቹ ቦታ ተነሥቶ በደባርቅ ከተማ ሰፈረ። አውሬው እንዲተርፍ ሰው ስፍራውን ለቀቀ፤ ይህም ቀላል ዋጋ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ወገን ተነሥተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። በከፍታው ላይ ጅብራና አስታ ይበቅላል። ተራራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ ለመጠበቅ ሥራ ተጀምሯል፤ ሆኖም የገብስና የድንች እርሻ ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጣ፥ ከብቱም ሣሩን እየጨረሰ ያስቸግራል። የጣና ባሕርና ዙሪያው፥ ፎገራም ጭምር፥ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከሚጠብቃቸው የሕይወት ክልሎች ጋር ተቈጠረ። በባሕሩ ዳር ረግረግ ራሱ ላይ የወርቅ አክሊል የመሰለ ላባ ያለው ረጅም ወፍ ይታያል።

በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ አንድ ችግር ይገናኛል። የመንግሥት አዋጅ ድንበሩን ያሰምራል፤ ነገር ግን የተቸገረ ገበሬ የተከለለውን ምድር የራሱ አድርጎ ካላየው፥ ዘበኛ ብቻውን አይጠብቀውም። ከዚህ የተነሣ ያለ ዘበኛና ያለ አዋጅ ለብዙ መቶ ዓመት የተጠበቀ ምድር ቢገኝ እጅግ ሊያስደንቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ምድር ደግሞ በየደብሩ ቅጥር ውስጥ አለ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ማንኛውም ወገን የሚሄድ ሰው፥ በታረሰው ሜዳና በተራቈተው ኰረብታ መካከል አልፎ አልፎ ክብ የሆነ ጥቁር ደን ያያል። ወደዚያ ቢቀርብ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ወይራው፥ ጥዱ፥ ዝግባው፥ ኮሶው፥ ዋንዛውና ሾላው ቤተ መቅደሱን እንደ ልብስ ይሸፍኑታል። አባቶች ዛፉን ያላስቈረጡት ለእንግዳ ማሳያ ብለው አይደለም፤ ቅጥሩ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ሆነ፥ ከዛፉም ቅርንጫፍ የሚቈርጥ ሰው ግዝቱን ስለሚፈራ ነው። ከጥላው ሥር ተማሪው ቃሉን ያጠናል፥ መናኙ ይጸልያል፥ ሙታንም ያርፋሉ።

ሊቃውንት ይህን በመቍጠር አረጋግጠዋል። የደን ሊቅ ዓለማየሁ ዋሴ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አገኙ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከቅጥሩ ውጭ በገበሬው ምድር የማይገኙ ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያውያን ከአውሮፕላን ያነሡትን ፎቶግራፍ ከዘመናችን ሥዕል ጋር አስተያይተው፥ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በየቦታቸው ጸንተው አገኟቸው። በእነዚያ ዓመታት መንግሥት ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ፥ የመሬት ሥሪት ተለወጠ፥ ጦርነትና ረሀብ መጣ፤ የደብሩ ዛፍ ግን በስፍራው ቆየ። ንጉሥ በአዋጅ ያላስጠበቀውን ቄሱና ገበሬው በእምነት ጠበቁት።

እንዲህ ቢሆንም ደኑ ያለ ሕመም አይደለም። በጌላውዴዎስና በደብረ ሰና ደን በተደረገ ምርመራ፥ ከብት በሚገባበት ስፍራ ችግኝ ረግጦትና ግጦት ሲጠፋ፥ በታጠረው ስፍራ ግን ችግኝ ሲያድግ ታየ። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ልጆቻቸው ካልበቀሉ፥ ደኑ ልጅ እንዳጣ ቤት ነው፤ ዛሬ ያማረ ይመስላል፥ ነገ ግን ወራሽ የለውም። ስለዚህ በዣራና በሌሎች አድባራት ሕዝቡ ከእርሻው ላይ ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ የካብ አጥር ሠራ። ይህ ሥራ ሦስት ጥቅም አለው፤ ድንጋዩ ከእርሻ ይነሣል፥ ከብቱ ይከለከላል፥ የደብሩም ድንበር ይታወቃል።

ከከብት ሌላ ሦስት ጠላት አለ። አንደኛው ቶሎ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ በቅጥሩ ውስጥ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለአገሩ ዛፍ ቦታና ውኃ ይነሣዋል። ሁለተኛው በሲሚንቶ የሚሠራው ሰፊ መቃብር ነው፤ የአንድ ሰው ሐውልት የብዙ ዛፍ ሥር ይወስዳል። ሦስተኛው አዲስ አዳራሽና የሚከራይ ሱቅ ለመሥራት ሲባል የሚመነጠረው ስፍራ ነው። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደብሩን ለማሳደግ የሚደክሙ ናቸው። ሕዝቡ ሲበዛ ቤተ ክርስቲያኑ ይጠብባል፥ ካህኑም መተዳደሪያ ይሻል። ነገር ግን ሕንፃ በፈረሰ ጊዜ እንደ ገና ይሠራል፤ የ200 ዓመት ወይራ ግን ገንዘብ ባለው ሰው ትእዛዝ አይመለስም።

ስለ እንግዳ አቀባበልና ስለ አደራ

ከወረታ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ከተሠራ ወዲህ፥ ከላሊበላ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር በመኪና የሚሄድ ጎብኚ በከተማዪቱ መካከል ያልፋል፤ ያልፋል እንጂ አይቆምም። አውሮፕላኑም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ አክሱምና ወደ ላሊበላ ይበር ስለ ነበር፥ ደብረ ታቦር ከታሪካዊው ጉዞ ውጭ ሆና ቀረች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ጋይንትና እስከ ጉና በደረሰ ጊዜ፥ ከዚያም ወዲህ ሰላም በታወከበት ጊዜ፥ መንገደኛው ይበልጥ ቀነሰ። ሰላም ሲጸና ግን እንግዳ መምጣቱ አይቀርም። አገሩ አስቀድሞ ሊያዘጋጅለት የሚገባው ምንድር ነው?

በመጀመሪያ ታሪካዊው ስፍራ ሳይረሳ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ጋፋት የት እንደ ሆነ፥ የሰመራ ግቢ የት እንደ ነበረ፥ የ1834ቱ ጦርነት በየትኛው ሜዳ እንደ ተደረገ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል። ሕንፃ በጠፋበት ስፍራ የሽማግሌ ቃል እንደ መሠረት ድንጋይ ነው፤ ሳይነጠቅ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ የአገሩ ሀብት በዓይን ብቻ የሚታይ አይደለም። በጋይንት ቤተልሔም በድጓ፥ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት የታወቁ የምስክር ቤቶች ናቸው። የነገሥታት አዳራሽ በእሳት ጠፋ፤ ዜማው ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል እየተላለፈ ዛሬ ደርሷል። ይህን ሊሰማ የሚመጣ እንግዳ በአክብሮት ይቀበሉት፤ ነገር ግን ቅዳሴውና ማኅሌቱ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ ለገንዘብ የሚታይ ጨዋታ አለመሆኑን ከመግባቱ በፊት ያስረዱት።

ሦስተኛ ንዋየ ቅድሳቱ ይመዝገቡ። በላሊበላ አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰው የታወቀ ስለ ሆነ ነው። በዝርዝር ያልተጻፈ መስቀልና መጽሐፍ ግን ቢወጣ ባለቤቱን የሚያስረዳ ማስረጃ የለውም። የመቅደላው ሐዘን እንዳይደገም መጀመሪያው መከላከያ የደብሩ መዝገብ ነው። ከጎብኚ የሚገኘውም ገንዘብ ለቅጥሩ ካብ፥ ለተማሪው ቀለብና ለጣራው ጥገና ቢውል እንግዳው ራሱ ከጠባቂዎቹ አንዱ ይሆናል።

በዚህች ተራራ ዙሪያ ብዙዎች ዳስ ሠሩ። ራስ ዐሊ በግብር ብዛት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በመድፍ፥ ዐፄ ዮሐንስ በሰመራ ግቢ፥ ራስ ጉግሣ ወሌ በሠራዊት ታመኑ። እያንዳንዳቸው ጕልበት ሳሉ የአገሩን ሰው አዘዙ፤ ጕልበታቸው ሲያልፍ ሥራቸውን የሚጠብቅላቸው ጠፋ። የደብሩን ቅጥር ግን ማንም ኃያል አላዘዘም፤ ስማቸው ያልተጻፈ ቄሰ ገበዞችና ገበሬዎች ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበሉ አቈዩት። በዓሉን የሚያከብር ደብር ከአባቶቹ የተቀበለው ትልቁ አደራ ይህ ነው። በዚህ ዓመት በቅጥሩ ውስጥ አንድ የወይራ ችግኝ ተክሎ ከከብት የሚያጥር ልጅ ፍሬውን አያይም ይሆናል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን ከጥላው ሥር ቆሞ ያስቀድሳል።